ልጆቹን ያስመለጠው ዘበኛ

ዳልጮን ከጋሞ ደጋ መንደር ከኦቾሎ የወሰደው ሰው አስቀድሞ ቆጥሮታል።

ነገሩ የሆነው በ1958 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሽመና ቤት የነበረው፣ እንደ ሌሎቹ ሸማኔዎች ለበዓሉ ወደ አገሩ የመጣ የኦቾሎ ልጅ ነበር። ነጭ ጋቢውን ደርቦ ከቤት ቤት ይዞራል፣ በየደጁ ቆሞ ልጆቹን በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። ሁለት ልጅ ያለበትን ቤት ሰላም ብሎ ያልፋል። አምስትና ስድስት ያለበት ሲደርስ ይቀመጣል። በዳልጮ አባት ቤት ስድስት ነበሩ። ሰውየው ተቀመጠ፣ የቀረበለትን የእህል መጠጥ፣ ቦርዴ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገና፣ «ከስድስት አንዱ ቢጎድል ቤቱ አይጎድልም። ሙያ አስተምሬ እመልሰዋለሁ» አለ። ዳልጮ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ሄደ።

ሙያውን መማሩስ እውነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በቀሰም፣ በመቃ ቁራጭ ላይ፣ ማግ ሲያጠነጥን ከረመ። በሁለተኛው ዓመት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከሸማኔ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ጎህ ሲቀድ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ክር ከክር መለየት ሲያቅተው ይነሣል። ክር የበጠሰ እንደሆነ ሰውየው በመወርወሪያው ጣቱን ይመታዋል። አብረውት ሌሎች አራት የጋሞ ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ክረምት አንዱ ሳል ይዞት ሞተ። የቀበሩት ዕለት ሰውየው ከደጅ ቆሞ የቀሩትን ቆጠረና «አራት» አለ።

በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ዳልጮ አመለጠ። እስከ ሶዶ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ መሃል ተኝቶ መጣ፤ ከሶዶ ወዲህ ግን በእግሩ ነው። እቤቱ ደጃፍ ሲደርስ እናቱ የእንግዳ ልጅ መስሏት «የማን ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቡ ተተከለ። ልጅ የሚቆጥር ሰው የሚቆጥረው ሊወስድ ነው። አገሩም ከድሮ ጀምሮ «ልጅ አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል» ይላል። ለሌላው ሰው ይህ አባባል ነው። ለዳልጮ ግን በራሱ የደረሰ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው የብዙዎቹን የጋሞ ሰዎች ኑሮ ይመስላል። በኦቾሎ ሸማኔ ሆኖ ኖረ። አገርነሽን አገባ። የአባቱ መሬት ለወንድማማች ሲከፋፈል መዳፍ አክላ ቀረችና ወደ ቆላ ወርዶ፣ በአርባ ምንጭ አጠገብ ከላንቴ ወጣ ብላ ባለች መንደር ሙዝ ተከለ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ የመጨረሻዋ ዕድላዊት ናት። በ1994 ዓ.ም. የመንደሩ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሲፈልግ ዳልጮን ቀጠረ።

ዘበኝነቱን አክብሮ ያዘው። ጠዋት ልጆች ሲገቡ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም፤ በሩን ይዞ ቆሞ ያስገባል። ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታ የሚደውለው እሱ ነው። ፊደል ባይቆጥርም ሰዓት ማየት ያውቃል፤ ደወሉ በደቂቃ አይዛነፍም። መምህራኑ «ጋሽ ዳልጮ» ይሉታል። ተማሪዎቹ ይፈሩታል፤ የሚፈሩት ግን እንደ አባት ነው።

በ2002 ዓ.ም. ዕድላዊት ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። በዚያው ዓመት መስቀል የአገርነሽ ወንድም ታምሩ ከአዲስ አበባ መጣ። ታምሩም ሸማኔ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የእናት ወንድም ደግሞ በልጅ ጉዳይ ይደመጣል።

«ልጅቱ ደርሳለች» አለ ሥጋውን እየቆረጠ። «የማውቃቸው ደኅና ሰዎች አሉ። ሕፃን ትይዝላቸዋለች፣ በወር በወር ይከፍሏታል።»

«ትማራለች» አለ ዳልጮ።

«ትማር እንጂ። ሚኒስትሪን ካለፈች ማን ይነካታል? ከወደቀች ግን እዚህ ሙዝ ስትሸከም ከምትኖር እኔ ዘንድ ትምጣ።»

አገርነሽ ባሏንም ወንድሟንም አላየችም። «ይሁን» አለች። ሚኒስትሪ የሚሉት የስምንተኛ ክፍሉን ክልላዊ ፈተና ነው። ነገሩ በዚህ ታሰረ፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ትሄዳለች።

ዕድላዊት ለዚህ አልደነገጠችም። ስምንተኛ ክፍል «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ በእያንዳንዱ ሃምሳ ሁለት ልጅ። እሷ «ሀ» ውስጥ ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስድስተኛ ወጣች።

ነገሩ የተበላሸው በህዳር ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ሰኞ አይሱዙ መኪናዎች ሙዝ ሊጭኑ ወደ መንደሩ ይገባሉ። ርዕሰ መምህሩ ይፍሩ ለስብሰባ አርባ ምንጭ ሄዷል። ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው ከበሩ ደረሱ።

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አላቸው ዳልጮ።

«ከወረዳ ነን አባባ። ተማሪ ልንቆጥር ነው።»

ዳልጮ በሩን እንደያዘ ቀረ። «መዝገብ አለ እኮ። ስማቸው እዚያ ላይ አለ።»

«መዝገብማ ሌላ ቦታ አየነው» አለ ከመሃላቸው ወጣቱ እየሳቀ። «የሞተ ተማሪ ሁሉ ተጽፎ አገኘን። ዘንድሮ የምንቆጥረው ጭንቅላት ነው።»

ዳልጮ አልሳቀም። «ከእረፍት በኋላ ይሻላል» አለና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሻይ ቤት አሳያቸው። እነሱ ሻይ ሲጠጡ እሱ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ ከአጥሩ ሦስት እንጨት ነቀለ። ለእረፍት የወጡትን ልጆች በቡድን በቡድን ጠራ።

«ወረቀት የያዙ ሰዎች መጥተዋል። እቤታችሁ ሂዱ። ለማንም እንዳትናገሩ» አላቸው።

ልጅ ከትምህርት ቤት ሂድ ሲባል ሁለት ጊዜ አያስነግርም። ዳልጮ እንጨቶቹን መልሶ ተክሎ ደወሉን ደወለ። ዕድላዊትን ግን አስቀድሞ ነበር፤ ከሁሉ በፊት የወጣችው እሷ ነበረች። ከስድስት መቶ የሚበልጠው ተማሪ ሲቆጠር ሦስት መቶ አርባ ስምንት ሆነ። ከሁለቱ የስምንተኛ ክፍሎች የተገኘው ሃምሳ ስምንት ልጅ ነው። መምህራኑ ሙዝ ጭነት ሄደው ይሆናል አሉ። እናቶቹ ግን ወሬውን ከልጆቻቸው ሰምተው በማግስቱ ለዳልጮ ዕንቁላል አመጡለት። ዳልጮ በዚያን ዕለት የተኛውን ያህል ደስ ብሎት ተኝቶ አያውቅም።

ወረዳ መምህርም ድጎማም የሚያከፋፍለው በተማሪ ቁጥር ነው። በጥር ሁለት መምህራን ተማሪ ወደበዛበት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ለዴስክ የታሰበው ገንዘብ በግማሽ ቀንሶ መጣ። «ሀ» እና «ለ» ተዋሕደው መቶ አራት ልጅ በአንድ ክፍል ተቀመጠ። ይፍሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ «በሚመጣው ዓመት ቆጠራ ይስተካከላል» የሚል መልስ መጣለት።

ክፍሉ የተሠራው ለሃምሳ ልጅ ነው። ሦስት የሚቀመጡበት ዴስክ ላይ አምስት ተቀመጡ፤ ዴስክ ያጡት ድንጋይና የደረቀ የሙዝ ግንድ አስገቡ። አንድ መጽሐፍ ለስድስት ሆነ። ዕድላዊት ትጉህ ብትሆንም ገፊ አይደለችምና ወደ ኋላ ተገፍታ ከመጨረሻው ረድፍ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ዳልጮ ይህን እንደ መልካም ዕድል ቆጠረው። ግቢውን ሲዞር፣ ችግኝ ሲያጠጣ፣ በዚያ መስኮት ልጁን ያያታል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ያልፋል። እሷም ቀና ብላ ታየዋለች። «ልጄን ስትማር እያየሁ እሠራለሁ» ይል ነበር ለአገርነሽ። ያላወቀው የሒሳብ መምህሩ የአሞጽ ድምፅ እዚያ ድረስ እንደማይደርስ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውም ከፊት በተቀመጡት ራስ ይሸፈናል። ከዚያ መስኮት ሥር አጥርቶ የሚሰማው፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ያሉት ሦስተኛ ክፍሎች ማባዛት ሲያዜሙ ነው። የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ግማሽ ዓመት ሙሉ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ስትሰማ ከረመች።

ባለፈው ዓመት ሚኒስትሪን ከተፈተኑት ዘጠና ሦስት ልጆች ስድሳ ስድስቱ አልፈው ነበር። በ2002 ከመቶ አራቱ ያለፉት ሠላሳ ሦስት ናቸው። ዕድላዊት ወደቀች።

ዳልጮ መምህር አሞጽን መኖሪያው ድረስ ሄዶ አገኘው። አሞጽ ልብሱን እያጠበ ነበር።

«ልጄ ሰነፍ ናት?» አለው።

«በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስድስተኛ ነበረች ጋሽ ዳልጮ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

አሞጽ እጁን ከአረፋው አወጣ። «ከዚያ በኋላ አላየኋትም።»

«እኔ በየቀኑ አያት ነበር። ከክፍል ቀርታ አታውቅም።»

«አልቀረችም። አላየኋትም ነው ያልሁት። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፤ ልጁ መቶ አራት። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ አይደርሰውም። የቤት ሥራ ሰጥቼ መቶ አራት ደብተር ማረም አቃተኝ፤ ተውሁት። ወደ ኋላ መሄጃ እንኳ አልነበረኝም፤ በልጅ ላይ ተራምጄ ልሂድ?»

«ለምን አንድ ላይ አደረጋችኋቸው?»

«እኛ መቼ አደረግን? በህዳር የቆጠሩ ዕለት ግማሹ ልጅ የት እንደገባ እንጃ። ቁጥራችን ስላነሰ መምህር ወሰዱብን።» አሞጽ ሸሚዙን ጨመቀ። «የዚያን ቀን ልጆቹ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ዕድላዊት ከፊቴ ነበረች።»

ዳልጮ «በል ደኅና ዋል» ብሎ ሄደ። ቤቱ እስኪደርስ ካገኘው ሰው ማንንም ሰላም አላለም፤ ይህ ከጠባዩ ውጭ ነው።

መስቀል ደረሰና ታምሩ መጣ። ልብሷን ልታጥብ የወንዝ መንገድ የያዘችውን የእኅቱን ልጅ ዓይቶ፣ «እንግዲህ ወደቀች አሉ። አብራኝ ትሂድ» አለ።

«አንድ ዓመት ስጠኝ» አለ ዳልጮ።

«ዳልጮ፣ አንተ ሰው! የወደቀችው እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም።»

«እኔ ነኝ።»

ታምሩ ነገሩ አልገባውም። የአማቹን ፊት ግን አየና መቀለዱን ተወ። «አንድ መስቀል እጠብቃለሁ። ሁለት አልጠብቅም» አለ።

በጥቅምት ይፍሩ ወላጆችን ሰበሰበ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ። ይፍሩ ነገሩን ዘርዝሮ ነገራቸው። ህዳር ላይ እንደገና ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከሞላ መምህር ይመጣል፣ ካልሞላ ዘንድሮም እንደ አምናው ነው።

ስድስት ልጆች ያሏት ልክነሽ ተነሣች። በመንደሩ ምላሷን የማይፈራ የለም።

«ጋሽ ይፍሩ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ልጅ እንደ በግ አይቆጠርም።»

«የሚቆጠረው ለጥቅማቸው ነው እናቴ።»

«በጉንም የሚቆጥሩት ለጥቅም ነው። የማን ጥቅም እንደሆነ በጉ አይጠየቅም እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹም ሳቁ። በዚህ መሃል ዳልጮ ከበሩ ተነሥቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከዛፉ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ይዞ ከመሃል ቆመ። በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ዕርቅ ይለምናል እንጂ ወግ አያወራም። ሳቁ ጸጥ አለ።

«አምና ልጆቹን ያስመለጥኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «በሽንት ቤቱ በኩል አጥሩን ፈትቼ።»

ይፍሩ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ።

ዳልጮ ቀጠለ። ሚስቱ እንኳ አሟልታ ያልሰማችውን የሽሮ ሜዳውን ታሪክ ተናገረ። ስለ ነጭ ጋቢው፣ በየደጁ ስለሚጠቁመው ጣት፣ በሳል ስለሞተው ልጅ፣ «አራት» ስላለው ሰው። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም። «ጥፋት ተሸሽጎ ሲኖር ጎሜ ይሆናል ይላሉ አባቶች፤ በልጅ ይወጣል። በልጄ ወጣብኝ። በልጆቻችሁም ወጣ። ከወደቁት ሰባ አንድ ልጆች ዘንድሮ ለመድገም የመጡት ሃያ ስድስት ናቸው። የቀሩት የት እንዳሉ ታውቃላችሁ። ሊወስዳቸው የመጣ መስሎኝ ደበቅኋቸው፤ የተወሰዱት ግን ስለደበቅኋቸው ነው።»

ልክነሽ፣ «የእኔም ሁለቱ በአጥሩ ከወጡት ናቸው። ዕንቁላልም አምጥቼልህ ነበር» አለች።

«ስድስት ዕንቁላል» አለ ዳልጮ። «በልቼዋለሁ።»

«እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጄን በጣት ቆጥረው ከሚጎድልብኝ መሃይም ይሁን።»

«አይቁጠሯቸው» አለ ዳልጮ። «እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ፍሬ ጥጥ ይዞ ይምጣ። ከበሩ ላይ ቅል አኖራለሁ፤ ልጁ በእጁ ይጣልና ይግባ። ሰዎቹ ቅሉን ይቁጠሩ።»

በዚያ አገር ጥጥ የማትፈትል ሴት የለችም፤ ፍሬው በየቤቱ ወለል ላይ ይፈስሳል። ልክነሽ አሰበች። «ፍሬ ጥጥማ ይቆጠር» ብላ ተቀመጠች። ስብሰባው በዚህ ተበተነ።

ይፍሩ ዳልጮን ቢሮ ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ዳልጮ ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ያነበበችለት ዕድላዊት ናት። «በዕለቱ በፈጸሙት ከባድ ጥፋት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«አንብቢው» አላት።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። እሱም አጥፎ ከመታወቂያው ጋር አስቀመጠው።

በህዳር ሦስቱ ሰዎች እንደገና መጡ። ቅሉን ሲያዩ ወጣቱ ሊስቅ ከጀለ። ታላቃቸው ግን በሩ ጎን ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠና እያንዳንዱ ልጅ ፍሬውን ጥሎ ሲገባ በዓይኑ አየ። አይሱዙዎቹ መጥተው ነበር፤ በዚያን ቀን ሙዙን የጫኑት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሰልፉ ሲያልቅ ቅሉ ሲቆጠር አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ፍሬ ተገኘ። ከዚያ የልክነሽ የአራት ዓመት ልጅ ወንድሞቹን ተከትሎ ፍሬ ጥሎ መግባቱ ታወቀና አምስት መቶ ዘጠና ሰባት ተብሎ ተጻፈ። ልጁ አልወጣም ብሎ እስከ እረፍት አንደኛ ክፍል ተቀመጠ።

በጥር ሣራ የምትባል የሒሳብ መምህርት ተመድባ መጣች። የድጎማው ገንዘብም ሞልቶ መጣ፤ ሃያ አምስት ዴስክ ተሠራበት፤ መጋዘን የነበረው ቤት ተለስኖ ክፍል ሆነ። አዲሶቹና ደጋሚዎቹ ስምንተኛ ክፍሎች መቶ ዐሥር ነበሩ፤ ሃምሳ አምስት ሃምሳ አምስት ሆነው ተከፈሉ። ሃምሳ አምስትም ብዙ ነው፤ አሞጽ ይህን ሳይናገር አይውልም። የቤት ሥራ ግን ሰጠ፤ አረመም።

ሰኔ ላይ ተፈተኑ። ከመቶ ዐሥሩ ስድሳ ስምንቱ አለፉ። አሞጽ ፈተናው ከአምናው ሳይቀልል አልቀረም አለ። ይፍሩ መምህርቷ ናት አለ። ልክነሽ ፍሬ ጥጡ ነው አለች። የዕድላዊት ውጤት ከማለፊያው የሚበልጠው በጥቂት ነጥብ ነበር፤ አለፈች።

በመስቀል ታምሩ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ «እህስ?» አለ።

«አርባ ምንጭ ዘጠነኛ ተመዝግባለች» አለች አገርነሽ ቀድማ።

ታምሩ ለልጅቱ ነጠላ ሸምኖ አምጥቶላት ነበር፤ ለሄደችም ለቀረችም የሚሆን ነጠላ። አውጥቶ ሰጣትና ሥጋ ሊቆርጥ ተቀመጠ። ስለ አዲስ አበባ ሌላ አልተነሣም።

ዳልጮ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በሩን ይዞ ቆመ። ቅሉ በየህዳሩ ይወጣ ነበር፤ ኋላ ሰዎቹ በመዝገብ መሥራት ሲጀምሩም እናቶቹ ፍሬውን መላክ አልተዉም። ጡረታ ሲወጣ መምህራኑ ጋቢ አለበሱት። ሣራ ያን ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበረች።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት እዚህ ቆመሃል። ከሁሉ የበለጠብህ ቀን የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችው። የቆጠራውን ቀን ይላል ብላ ነበር።

ዳልጮ ጋቢውን አስተካከለ።

«አንቺ በመጣሽ በሳምንቱ ነው» አላት። «ችግኝ ሳጠጣ እንደ ልማዴ በኋለኛው መስኮት አየሁ። ልጄ የለችም። ደነገጥሁ፤ ማሰሮውን አስቀምጬ ዞርሁና በበሩ በኩል አየሁ። ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ከውጭ ሆኜ አይቻት አላውቅም። ከሁሉ የበለጠብኝ ያ ነው።»